ትንፋሽ የሚያሳጥሩ ፊልሞች፦ ጠባብ ቦታ ላይ በትክክል ምኑ ነው የሚያስጨንቀን?

ጮቄ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ የማነሳው ነገር ብዙ ዓመት ሲብላላብኝ የቆየ ነው።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። የጭቃ ቤት ነው። መስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ በሚስማር ተመቷል። አግዳሚው ላይ ተጣበን እንቀመጣለን፤ የተረፈው መሬት ላይ ነው። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የዚያን ቀን የተከፈተው «ኤሊየን» ነው። ያኔ ስሙን አላውቅም፤ «የጠፈሩ ፊልም» ነበር የምንለው። ሪድሊ ስኮት በፈረንጆቹ 1979 እንዳዘጋጀው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

የጠፈር መርከቡ አዛዥ፣ መርከቡ ውስጥ የገባውን አውሬ ፍለጋ አየር ማስተላለፊያው ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ጓደኞቹ ውጭ ሆነው በመሣሪያ ይከታተሉታል። መሣሪያው ላይ ሁለት ነጥብ ይታያል። አንዱ እሱ ነው። ሌላው ወደ እሱ እየመጣ ነው። ነጥቦቹ ሊገናኙ ሲሉ መብራት ጠፋ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያ ሁሉ ልጅ ጨለማ ውስጥ ዝም አለ። የሚሰማው ዝናቡና የአጠገቤ ልጅ ትንፋሽ ብቻ ነበር። በሩ ሦስት እርምጃ ላይ ነው። ተነስቶ የከፈተ አልነበረም።

ሰው «ቦታው ስለጠበበ ነው የሚጨንቀው» ይላል። እኔ አይመስለኝም። እዚያው ክፍል፣ እዚያው አግዳሚ ላይ የሕንድ ፊልም ስናይ ማንም ጨንቆት አያውቅም። እኔ የደረስኩበት፣ የሚያስጨንቀው ቆጠራው ነው። መርከቡ ላይ ሰባት ሰው ነበር። ስድስት ሆኑ። አምስት ሆኑ። እኛም አብረን እየቆጠርን ነበር።

«ቤሪድ»ን (2010) ውሰዱት። ስፔናዊው ሮድሪጎ ኮርቴስ ነው ያዘጋጀው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ኢራቅ ውስጥ ታፍኖ፣ ሳጥን ውስጥ ከነሕይወቱ ተቀብሯል። ካሜራው አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ከሳጥኑ ጋር ከአፈር በታች ነው። ያለው በዋናነት ላይተርና ስልክ ነው። ላይተሩን ካበራ አየሩን ይበላበታል፤ ካላበራ ጨለማ ነው። ከደወለ ባትሪው ያልቃል፤ ካልደወለ የሚያገኘው የለም። ምንም ቢያደርግ ከአንዱ ይቀንሳል። እጁን ባነሳ ቁጥር እኔም አብሬ አሰላ ነበር።

እስኪ እናንተስ? ትንፋሻችሁን ያሳጠረው የትኛው ፊልም ነው? በተለይ ለምን እንደሆነ ንገሩኝ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ወንድሜ ጮቄ ማዶ፣ ቆጠራ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ድምፁን ዘነጋኸው።

የእኔ «ዳስ ቡት» ነው። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፒተርሰን በ1981 ያወጣው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለነበረ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ነው። ከላይ የጠላት መርከብ ያልፋል። ወደ ውኃው ድምፅ ይልካል። ድምፁ ብረቱ ላይ «ቲንግ» ብሎ ይነጥራል። ሰዎቹ ላባቸው እየወረደ ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። ጠላትን አታይም። ውኃውንም አታይም። የምታየው ሲያዳምጡ ብቻ ነው። ከዚያ ይሰምጣሉ፤ የጥልቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ያልፋል፤ ብረቱ ያቃስታል፤ ብሎኖቹ እንደ ጥይት ይፈናጠራሉ።

የተቀረጸበትን መንገድ ሳነብ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩት። የመርከቡን ውስጥ በእውነተኛው ስፋት ነው የሠሩት። ለካሜራ እንዲመች ብለው አላሰፉትም። ካሜራ አንሺው ዮስት ቫካኖ ትንሽ ካሜራ በእጁ ይዞ፣ እንዳይፈነከት ራሱን ሸፍኖ፣ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ከተዋንያኑ ኋላ ይሮጥ ነበር። ተዋንያኑም ፊታቸው እንዲገረጣ ቀረጻው እስኪያልቅ ከፀሐይ ተከልክለዋል። የምናየው ግርጣት የቀለም አይደለም።

አባቴ የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ጠዋት ጣና ላይ ጭጋግ ሲወርድ መቅዘፉን ያቆማል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ ምን እንደሚያዳምጥ አላውቅም። እሱ ዝም ሲል ግን እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር። «ዳስ ቡት»ን ሳይ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

የዲማ ልጅ (ቢቸና)

እኔ ቅኔ ቤት ነው ያደግሁት። እናንተ የምትሉት ነገር እዚያም አለ፤ ላሳያችሁ።

የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ለፈረንሳዩ ዳይሬክተር ለትሩፎ ያስረዳው አንድ ምሳሌ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ፈንጂ ተቀምጧል። ተመልካቹ ካላወቀ፣ ሲፈነዳ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል፤ አለቀ። ቀድሞ ካወቀ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ይጨነቃል። ወሬው ያው ወሬ ነው። የተለወጠው ተመልካቹ የያዘው እውቀት ነው።

አሁን ወደ ቅኔው ልውሰዳችሁ። መምህራችን ሲቀኙ ጉባኤው ዝም ይላል። ሰሙ ለሁሉም ይሰማል። ወርቁ ከሥር አለ። ከመካከላችን አንዱ ቀድሞ ይገባዋል፤ ፊቱ ይለወጣል። እኛ ያልገባን ደግሞ የእሱን ፊት እያየን እንጨነቃለን። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሳንዘጋጅ ያልቅብናል። መወድስ ግን ስምንት ቤት ነው። እዚያ ላይ ነው ጭንቁ። ምስጢሩ አንድ ቤት፣ ሌላ ቤት እያለ ሲጎተት ሰውነታችን ይወጠራል።

ስለዚህ ጮቄ ማዶ፣ ቆጠራው አንድ ነገር ነው። ማን ምን ያውቃል የሚለው ግን ከቆጠራው ይቀድማል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያስጨነቃችሁ ያ ሁለተኛ ነጥብ ነው። እናንተ ታዩታላችሁ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ሰው አያየውም።

ጮቄ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)

የዲማ ልጅ፣ ይህን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ልክ ነህ። ሰውየው ቢያይ ኖሮ ይሮጥ ነበር፤ እኛም በእፎይታ እንተነፍስ ነበር።

ላህ ዳር (ፍኖተ ሰላም)

እኔ ነርስ ነኝ። የፊልም ሰው አይደለሁም፤ እነዚህን ፊልሞች ግን አላልፋቸውም። አንድ ነገር ላርም።

ብዙዎቹ «ኦክስጅን እያለቀ ነው» ይላሉ። እንዲያውም በ2021 የወጣው የፈረንሳዩ «ኦክስጅን» ላይ አንዲት ሴት የታሸገ ክፍል ውስጥ ትነቃለች፤ የቀረው ኦክስጅን በመቶኛ እየተቆጠረ ይነገራታል። ግሩም ሐሳብ ነው። ነገር ግን በታሸገ ቦታ ሰውን ቀድሞ የሚያስጨንቀው የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ ራሳችን የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው። ስናስወጣው 16 በመቶ ያህል ይቀረዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ከ0.04 በመቶ ተነስቶ 4 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ መቶ እጥፍ ማለት ነው። አንጎላችን «ተንፍስ፣ ተንፍስ» እያለ የሚያዘን በዋናነት እሱን ለክቶ ነው። ራስ ምታቱ፣ የልብ ምቱ፣ ያ የመታፈን ስሜት ከእሱ ይመጣል።

ለዚህ ነው ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ሲያለከልክ እኔ የምጮኸው። ባለከለከ ቁጥር የራሱን ወጥመድ ያጠብቃል። ፍርሃቱ አየሩን ይበላል፤ አየሩ ሲበላሽ ፍርሃቱ ይጨምራል። ደራሲዎቹ ይህን ቢጠቀሙበት ከማንኛውም አውሬ ይበልጣል።

ሌላም አለ። እዚህ ከሚያነቡት ውስጥ የተዘጋ ቦታ ከልቡ የሚፈራ ይኖራል። ይህ ፍርሃት ፈሪነት አይደለም፤ የታወቀ ሕመም ነው፤ በሕክምና ይረዳል። እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ «ይህን አላይም» ስትላችሁ አታስገድዷት። ክፍል ውስጥ በሩ ሲዘጋ እጇ የሚንቀጠቀጥ ታካሚ አይቻለሁ። ለእሷ እነዚህ ፊልሞች መዝናኛ አይደሉም።

ዘንገና (እንጅባራ)

እኔ ግን ልቃወማችሁ ነው፤ አትቀየሙኝ።

ባለ አንድ ክፍል ፊልም ሰልችቶኛል። የሚበዙት ገንዘብ ስላጠራቸው ነው እዚያ የገቡት። ሰዎች ባዶ ክፍል ውስጥ ይነቃሉ። «የት ነን?» ይላሉ። ይጣላሉ። አንዱ ከሃዲ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ «አየህ፣ አልገባህም ነበር» ይሉሃል። ይህ ብልሃት ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። ያለፈው ሳምንት አንዱን ጀምሬ ግማሽ ሳይደርስ ዘጋሁት። ሰዎቹን ስላላወቅኋቸው ቢሞቱም ቢወጡም ግድ አልሰጠኝም።

«ኤሊየን» ለምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አውሬው ከመምጣቱ በፊት ሰዎቹ ምግብ ይበላሉ፣ ስለ ደመወዝ ይነታረካሉ። ሠራተኞች ናቸው። እንደ እኛ። አውሬውም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚታየው። ልብሱን ከለበሱት ዋናው ደግሞ ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ ነበር፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ፣ ለንደን ላይ ያገኙት የሥዕልና ዲዛይን ተማሪ። ይህን ሳውቅ ገርሞኝ ነበር። ዓለምን ያስፈራው ጥላ የአንድ አፍሪካዊ ወጣት ገላ ነበር፤ ስሙን ግን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው።

ካሜራዬ (ዳንግላ)

ዘንገና፣ ግማሹን እስማማለሁ። ግማሹ ላይ ግን ሙያዬ አይፈቅድልኝም።

እኔ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነኝ። ስለ ጠባብ ቤት የምናገረው አለኝ፤ ሙሽራ ሲሸኝ ስንት ጊዜ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ቀርጫለሁ። ገንዘብ ማጠሩ እውነት ነው። ግን ካናዳዊው ቪንቸንዞ ናታሊ «ኪዩብ»ን (1997) ሲሠራ ምን አደረገ? ታሪኩ ሰዎች በሺዎች በሚቆጠሩ ክፍሎች ውስጥ ሲንከራተቱ ነው። የተሠራው ግን በተግባር አንድ ክፍል ነው ማለት ይቻላል፤ ጎኑ አራት ሜትር ትንሽ የሚያልፍ። የግድግዳውን ቀለም ብቻ ይቀያይራሉ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። አንተ ተቀምጠህ እልፍ ክፍል አየሁ ትላለህ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የሲድኒ ሉሜት «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» ነው፤ 1957። ጠፈር የለም፣ አውሬ የለም። አሥራ ሁለት ሰዎች በግድያ በተከሰሰ በአንድ ልጅ ሞትና ሕይወት ላይ ሊወስኑ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸዋል። ሙቀት ነው። ሉሜት መጀመሪያ ላይ ካሜራውን ከዓይን ከፍታ በላይ ያደርገዋል። መሐል ላይ ከዓይን እኩል ያወርደዋል። መጨረሻ ላይ ከዓይን በታች ያደርገዋል፤ ያኔ ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሌንሱንም እያረዘመ ይሄዳል፤ ከሰዎቹ ኋላ ያለው ግድግዳ የተጠጋ ይመስላል። ክፍሉ አልጠበበም። አንተ ነህ የጠበበህ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አያቴ ጎጆ ውስጥ ሞከርኩት። አያቴን ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ መጀመሪያ ከቆጡ ላይ ሆኜ ወደ ታች ቀረጽኳት። ትንሽ፣ ብቸኛ ሆና ታየች። ከዚያ መሬት ላይ ተጋድሜ ቀረጽኳት። ምሰሶው፣ ጥላሸት የጠጣው ጣሪያ ከራሷ በላይ ተጫነ። ያው ቤት፣ ያችው አያቴ። ልቤ ነው የደነገጠው።

አባይ በረሃ (ደጀን)

እኔ ረዳት ሆኜ ብዙ ዓመት መኪና ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት የአባይ በረሃን ስንወርድ ጉም መጣ፤ ከፊታችን መንገዱ ላይ ናዳ ወርዷል አሉን። ቆምን። ከላይ ገደል፣ ከታች ገደል። ቦታው እንደምታውቁት ሰፊ ነው፤ ቀን ላይ ዓይን አይጨርሰውም። የዚያን ሌሊት ግን ከመኪናው መስኮት ወዲያ ምንም የለም። ተሳፋሪው መጀመሪያ አወራ። ቀጥሎ ጸለየ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እርስ በርሱ መጠራጠር ጀመረ። «ያ ሰውዬ ለምን ይወጣል ይገባል?» ተባባሉ። ሰውየው ሆዱን አሞት ነበር።

እና እኔ የምለው፣ ጠባብ የሚያደርገው መውጫ ማጣት ነው። «ዘ ቲንግ»ን ይህን ሁሉ ዓመት የምወደው ለዚህ ነው። ጆን ካርፔንተር፣ 1982። አንታርክቲካ ላይ አሥራ ሁለት ወንዶች አሉ። ከውጭ በረዶው ማለቂያ የለውም። ከውስጥ የገባው ነገር ደግሞ የሰውን መልክ ይወስዳል። ከመካከላቸው ማን ሰው እንደሆነ አይታወቅም። አንዱ የሁሉንም ደም በየሳህኑ ወስዶ በጋለ ሽቦ ሲነካካ፣ የቀሩት ታስረው አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሽቦው ደሙን ሲነካ ትስስ ይላል። ቀጣዩ። ትስስ። ቀጣዩ። የዚያ መኪና ተሳፋሪ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። ፊልሙ ሲወጣ ሰው አልወደደውም ነበር፤ ተቺዎቹም ወረዱበት። ዛሬ ግን የዘርፉ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው።

የሞጣው መምህር (ሞጣ)

ልጆቼ፣ ሳነባችሁ አመሸሁ። ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ድምፅ ያነሳችሁት አንድ ነገር አስታወሰኝ።

ድምፅ የሚሄድበት አየር፣ ውኃ ወይም ጠጣር ነገር ይፈልጋል። ጠፈር ላይ እነዚህ የሉም። ብዙ ፊልሞች ግን ጠፈር ላይ ፍንዳታ ያሰሙናል። ተማሪዎቼን «ይህ ስህተቱ የት ላይ ነው?» እያልኩ እጠይቃቸው ነበር። የአልፎንሶ ኩዋሮን «ግራቪቲ» (2013) በዚህ የተሻለ ነው። የጠፈር ጣቢያው ሲበጣጠስ ፍንዳታው አይሰማም። የሚሰማው ጠፈርተኛዋ በልብሷ፣ በእጇ የነካችው ነገር ንዝረት፣ የራሷ ትንፋሽ፣ ከላይ ደግሞ ሙዚቃው ነው።

ከሁሉ በላይ የምደነቅበት ግን የዳይሬክተሩ የኩብሪክ የ1968ቱ ፊልም ነው፤ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ»። ሰው ጨረቃን ሳይረግጥ በፊት የተሠራ። ሁለት ጠፈርተኞች መርከባቸውን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር ተጠራጠሩ። እንዳይሰማቸው ብለው ትንሿ መንኮራኩር ውስጥ ገብተው ዘጉ፤ ተማከሩ። ድምፁ ወደ ውጭ አይወጣም። ከዚያ ካሜራው የኮምፒውተሩን ዓይን ያሳየናል። ከንፈራቸውን እያነበበ ነው። አንዱ ከንፈር፣ ከዚያ የሌላው ከንፈር። ሙዚቃ የለም። የዲማ ልጅ ያለው ፈንጂ ይኸው ነው፤ ጠረጴዛው ሥር ሳይሆን መስታወት ማዶ ተቀምጧል።

ካሜራዬ፣ የአያትህን ቤት የቀረጽከውን ወድጄዋለሁ። ቀጥልበት ልጄ።

ካሜራዬ (ዳንግላ)

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። እርስዎ እንዲህ ካሉ ያሰብኩትን ልናገር።

አጭር ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ፤ አሥር ደቂቃ። አንዲት ልጅ ጎታ ውስጥ ተደብቃለች። ለምን እንደተደበቀች አንነግርም። ውጭ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ይዘዋወራል። ድስት ይከፍታል፤ ቆጡ ላይ ይወጣል። ልጅቷ በጎታው ስንጥቅ እግሩን ብቻ ታያለች። እግሩ ግን የሰው አይመስልም። እንደ ሰው አይረግጥም። ከዚህ በላይ አላሳይም።

«የኛ አገር ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አይሆንለትም» የሚል ሰው አለ። «ክራምብስ» በ2015 ወጥቷል። ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ነው፤ ግን በአማርኛ ነው፣ መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ነው፣ የዳሎል መሬትም አለበት። እነሱ ዳሎልን ወደ ሌላ ዓለም ቀየሩት። እኔ ጎታ አለኝ።

ዘንገና (እንጅባራ)

ይህን አያለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ከመደበቋ በፊት ልጅቷን ሁለት ደቂቃ ስጠኝ። እንጀራ ስትቆርስ፣ ከወንድሟ ጋር ስትጣላ ልያት። ያኔ እጨነቅላታለሁ።

ላህ ዳር (ፍኖተ ሰላም)

ካሜራዬ፣ እባክህ እህል ባለበት ጎታ ውስጥ ልጅ አታስገባ። እህል ሰው ይውጣል፤ ደረት ላይ ሲጫን ትንፋሽ ይከለክላል። ባዶም ቢሆን ክዳኑን አትክደን። ከጎኑ ክፈተውና ካሜራህ በማይደርስበት በኩል አየር ይግባ። ከፈለግህ ቀረጻው ቀን መጥቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ካሜራዬ (ዳንግላ)

እሽ እህቴ፣ ቃሌ ነው። አያቴ አንድ ያረጀ ጎታ አላት፤ ጀርባውን ቆርጬ እከፍተዋለሁ። ከፊት ለፊት ሙሉ ይመስላል።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ድምፁን ለእኔ ተወው። እግሩን ብቻ አታሳይ፤ ልጅቷ ስታዳምጥ አሳየኝ። ቅዳሜ ዳንግላ እመጣለሁ፤ ከመቅረጻችን በፊት «ዳስ ቡት»ን አብረን እናያለን። ላፕቶፔ ባትሪው ሁለት ሰዓት ይይዛል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ጮቄ ማዶ (ደብረ ማርቆስ)

እኔም እመጣለሁ። መብራት ከጠፋ ማንም ከቦታው እንዳይነሳ።